በፕላዝማ የገቡት እንግዳ

«ኖር!» አሉ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ጌታነህ፣ ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው።

ተማሪው ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። «ኖር!»

ሕይወት ስልኳንና ፕላዝማውን ያገናኘችበትን ገመድ እንደ ያዘች ዞር አለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ገና መብራቱ ነው። ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከደብረ ታቦር ልጃቸው ቤት ቁጭ ብለው ዓርብ ገበያ ከተማ አሥረኛ ክፍል ውስጥ ገብተዋል። እትዬ ካሣነሽ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጋይንትን ልጅ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ። ካስተማሯቸው አንዱ ጋሽ ጌታነህ መሆናቸውን ሕይወት የተረዳችው ገና አሁን ነው።

ክፍሉ ከጥምቀት ወዲህ የሒሳብ መምህር የለውም። የነበረው ተዛወረ፤ ምትክ ይመጣል ይመጣል ሲባል ሁዳዴ ገባ። ማትሪክ ደግሞ ምትክ መምህር እስኪመጣ አይጠብቅም። ሕይወት የኮምፒውተር መምህርት ናት። ሒሳብ አይሆንላትም፤ ስልኳ ግን ኢንተርኔት አለው፣ የእትዬ ካሣነሽም ጉልበታቸው እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። ጋሽ ጌታነህን ስንት ቀን ደጅ ጠንታ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈቀዱላት። «አንድ። ከተበላሸ ግን ስልክ የሚባል ነገር ክፍል ውስጥ እንዳላይ» ብለዋታል። ያውም ዓርብ፣ በገበያ ቀን! ሐሙስ ይሁንልኝ ብትል ማን ሰምቷት።

እትዬ ካሣነሽ መልስ ሊሰጡ እጃቸውን አንሥተው፣ አፋቸውን ከፈት እንዳደረጉ ደርቀው ቀሩ።

«ተቀመጡ ልጆች፤ ኔትወርኩ ነው» አለች ሕይወት።

የሚቀመጥ ጠፋ። ሁሉም አንገቱን አዙሮ ጋሽ ጌታነህን ያያል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡላቸው እስቲ።»

«በእግዜር ሳይሉኝ?»

«ብለዋል እኮ። ለእኛ አልደረሰንም እንጂ።»

«ሲደርሰን እንቀመጣለን።» ኮታቸውን ቆለፉና ጭራሽ ቀጥ አሉ።

«ቲቸር፣ ገበያው ነው» አለ ደምሌ ከመካከል። «ሰዉ ሁሉ እየደወለ የሽንብራ ዋጋ ይጠያየቃል። እትዬን ሽንብራ ቀደማቸው።»

ሳቁ ሳያበቃ ሕይወት ስልኳን ከነገመዱ አንሥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አወጣችው። ደቂቃው ይነጉዳል፤ ክፍሉ እንደ ቅዳሴ ቆሟል፤ አሮጊቷ እጃቸውን እንዳነሡ ናቸው። «በቃ፣ ቆመን ልናልቅ ነው» አለች በልቧ።

«በእግዜር! ኧረ በእግዜር!» ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ክፍሉን ሞላው። «ምን ያስቆማችኋል? ቀባሪ ነው የመሰላችሁት!»

ወንበሩ ሁሉ ተንጓጓ። እትዬ ካሣነሽ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

«ያ ከኋላ እንደ ባሕር ዛፍ የተገተረው ማነው?»

«ጌታነህ ነኝ፣ እትዬ።»

«የቱ ጌታነህ?»

«የቄስ ጥጋቡ ልጅ።»

«ውይ! ዘጠኝን ገልብጦ የሚጽፈው!»

ሕይወት ዓይኗን ጨፈነች። ተማሪው ሳቁን ለማፈን ጠረጴዛ ሥር ገባ።

«አሁን ተሻሽያለሁ» አሉ ጋሽ ጌታነህ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እና ተቀመጡ።

እትዬ ካሣነሽ ወሬ አላበዙም። «አንድ የጎመን መደብ አለ። ርዝመቱ ከወርዱ በሦስት ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ አርባ ካሬ ሜትር ነው። ወርዱን ፈልጉ። ሁለት መልስ ታገኛላችሁ፤ አንዱን ትጥሉታላችሁ። ለምን ብትሉ…»

ደረቁ።

ሕይወት ስልኩን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዟዟረችው፤ የለም። ዞር ስትል ግን አንድም ዓይን ወደ እሷ አያይም። ሩት ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ጋ ደርሳለች፤ ከኋላዋ ክፍሉ በሙሉ ይንጫጫል። «ወደ አንድ ወገን አምጪው!» «ሦስቷን ረሳሻት!» ሩት ደምስሳ ጻፈች። አምስት ወጣ። ከሥሩ ደግሞ ከዜሮ በታች ስምንት።

«የቱን ነው የምንጥለው?» አለች።

«አምስትን!» አለ አንዱ። «በምን ምክንያት?» ተባለና አንገቱን ደብተሩ ላይ ደፋ።

«ኧረ ተዉ፣ ከዜሮ በታች ስምንት ሜትር መደብ ምን ዓይነት ሰው ነው ጎመን የሚተክልበት?» አለ ደምሌ።

«ድንበሩን የገፉበት ሰው ነዋ!» አሉ እትዬ ካሣነሽ ከግድግዳው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «በሉ፣ ለምን እንደምንጥለው ተናገራችሁት። እኔን ምን አስፈለገኝ? ሌላ ልስጣችሁ?»

«ይስጡን!»

ሕይወት ሰዓቷን አየች። ክፍለ ጊዜው አልቋል። ፍርዷን ልትሰማ ወደ ኋላ ስትዞር የጋሽ ጌታነህ ወንበር ባዶ ነው፤ ሹልክ ብለው ወጥተዋል። መጥፎውን ነገር በተማሪ ፊት ላለመናገር ነው፣ አለች በልቧ።

እትዬ ካሣነሽ ሁለተኛውን ጥያቄ ሰጡ። ሩት ጠመኔውን ለሌላ አቀበለች። እሱም ተሠራ፤ ሦስተኛው ተጀመረ። ሕይወት ደወሉ ምን ነካው ብላ በስልኩ ላይ አጎንብሳ በመስኮቱ አሻግራ አየች።

ግቢው መካከል፣ ዋንዛው ላይ ለደወልነት ከተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሥር፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የእጅ ሰዓቱን እየጠቆመ ይሟገታል። ጋሽ ጌታነህ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ። መደወያውን ብረት በሁለት እጃቸው ከጀርባቸው ደብቀው ይዘውታል።