የመስኮቷ ወንበር

«ልቀቅ! መንገድ ልቀቅ! ሕፃን ይዘናል!!»

የታክሲው ረዳት ግማሽ አካሉ ከበሩ ውጭ ነው... በአንድ እጁ ጣሪያውን ጨብጦ በሌላኛው የመኪናውን ጎን እንደ ከበሮ ይደልቃል።

ሰፈሩ «ሳይረን» ይለዋል። ድምፁ ሦስት ፌርማታ ይሻገራል።

ዛሬ ግን ተሳፋሪ እየጠራ አይደለም።

ውስጥ ታላቅ እህቱ አራስ ልጇን ታቅፋለች። ሕፃኑ አየር በሳበ ቁጥር ጎድኑ ይሰረጉዳል... ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ዞሯል።

«ቀስ በቀስ! ንዳው እንጂ!»

«ቀስ በቀስ» የሹፌሩ ቅጽል ስም ነው። በዕድሜ ዘመኑ ጋሪ እንኳ ቀድሞ የማያውቅ ሰው!

ዛሬ ግን... ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንቁላል በጎማ በረረ!

ታክሲው ውስጥ አንድም ሰው «ወራጅ አለ» አላለም። መውረጃቸው አልፎም ጭጭ!

የታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ መንገዱ ጥርቅም ብሏል።

ፊርርርርር!!

ተራ አስከባሪው ናቸው፤ ጋሽ ፊሽካ። ገና ከሩቅ የሳይረንን ጩኸት ሲሰሙ ነገሩ ገብቷቸዋል... የተሰለፈውን ታክሲ ሁሉ እግረኛ መንገድ ላይ አስወጡት።

«እለፉ ልጆቼ! እለፉ!»

ሳይረን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ለምን መሰላችሁ?

በዚህ ተራ አንድ ደንብ አለ። በጠዋቱ የመጀመሪያ ዙር፣ ከሹፌሩ ጀርባ ባለችው የመስኮት ወንበር የተቀመጠ ሰው የሚከፍለው ሒሳብ የታክሲው አይደለም... የልጆች ነው። ጋሽ ፊሽካ ጣሳ ውስጥ ይገባና ለሕፃናት ሆስፒታሉ ይሄዳል።

ይሄ ነገር ለሳይረን አይዋጥለትም።

«የምን ሆስፒታል? ሽማግሌው በኛ ወንበር ፎቅ እየሠሩ ነው ባካችሁ!» እያለ ተራውን በሳቅ ይገድል ነበር።

ብልጥ አይደል? ዘዴ ዘየደ። ጠዋት ጠዋት እህቱ ወደ ሥራ ስትሄድ እዚያችው ወንበር ላይ ያስቀምጣታል።

«ቤተሰብ ናት ጋሼ! ከእህቴ ሒሳብ ልቀበል እንዴ?»

ጋሽ ፊሽካ ፈገግ ብለው ያልፉታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ እህቱ አረገዘች... ሆዷ ገፋ... እስክትወልድ ድረስ እዚያችው የመስኮት ወንበር ላይ!

እና ዛሬ...

ሆስፒታሉ ደረሱ! ነርሷ ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ተቀብላ ሮጠች። ሳይረን ከኋላዋ!

«አንተ ውጭ ጠብቅ!»

«አጎቱ ነኝ ሲስተር! አጎቱ!»

«አጎት ከሆንክ አትጩህ! ሌሎችም ልጆች ተኝተዋል!»

ሳይረን ዝም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ነርሷ ቀጫጭን ቱቦ ሕፃኑ አፍንጫ ላይ ገጠመች። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነው። ማሽኑን ስታበራው...

ብልቅ... ብልቅ... ብልቅልቅልቅ!

«ውሃው ለምንድነው የሚፈላው?» አለ በሹክሹክታ።

«አይፈላም። አየር ነው። የልጁ ሳንባ ተጣብቆ እንዳይቀር ደግፎ ይይዝለታል። ውሃው ሲንተከተክ ካየህ ማሽኑ እያገዘው ነው ማለት ነው።»

እህትና ወንድም ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ሳይነቅሉ ቆሙ።

ብልቅልቅ... ብልቅልቅ...

የጎድኑ መሰርጎድ ቀነሰ... እጁን አንቀሳቀሰ...

«ቀላ! እታለም፣ ከንፈሩ ቀላ!!»

ድምፁ ኮሪደሩን አናጋው። ነርሷ ልትቆጣው ዞር አለችና... ራሷም ሳቀች።

«ዕድለኞች ናችሁ» አለች። «በፊት ሐኪም ነበረን፣ መድኃኒት ነበረን፣ ይሄ ማሽን ግን አልነበረንም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ከከተማው ማዶ እንልከው ነበር... አንዳንዱ መንገድ ላይ...»

የሕፃኑን ቱቦ አስተካከለች።

«ታዲያ ማን ሰጣችሁ? የሆነ ሀብታም ነው?»

«የምን ሀብታም! የታክሲ ተራ ሰዎች ናቸው። ፊሽካ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ አሉ... ጣሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ይመጣሉ... ሌሎች ለጋሾችም ጨመሩበትና ተገዛ።»

ሳይረን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«እታለም... እኔ እኮ ያቺን ወንበር... ምንም እንዳይገባ ብዬ አንቺን...»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?!»

«ከሥራ ስመለስ በተራው በኩል አይደል የማልፈው? የጠዋቱን ሒሳብ ጣሳው ውስጥ ሳልጨምር ያለፍኩበት ቀን የለም። ጋሽ ፊሽካ ደግሞ ‹እንዳትነግሪው፣ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ይገባዋል› ይሉኛል።»

ወደ ጠርሙሱ ተመለከተች።

«እኔ በነፃ ሄጄ አላውቅም።»

አያችሁልኝ?!

ልጁ ገና በሆዷ ሳለ የከፈለችው የወንበር ሒሳብ... ዛሬ አየር ሆኖ በልጇ አፍንጫ ገባ!!

ወዳጆቼ... ሐኪም እጁን ይሰጣል። ያ እጅ የሚይዘውን መሣሪያ ማሟላት ግን የኛም ድርሻ ነው። ልጁ ከመታመሙ በፊት ማሽኑ ቀድሞት መድረስ አለበት! ልጁ በር ላይ ደርሶ ትንፋሽ ሲያጥረው ብናዋጣማ... ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደግሞም የምንሰጠው ለማናውቀው ልጅ ይመስለናል እንጂ ነገ በዚያ በር ማን ታቅፎ እንደሚገባ ማን ያውቃል?

እናንተስ? ፀጉር ቤት ያላችሁ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ቢሮ የምትውሉ... ከሥራችሁ ውስጥ «ይሄስ የልጆች ነው» ብላችሁ የምትለዩት ምኑን ነው? ኮመንት ላይ ጣሉልኝ፣ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ!

ሳይረንማ መልሱን እያሰበ ነው። እህቱ እንባውን በመዳፏ ጠርጋለት እንዲህ ብላ ጠይቃዋለች...

«በል ንገረኝ... ነገ ጠዋት እዚያች ወንበር ላይ ማንን ልታስቀምጥ ነው?»