ቀይ አበባ ለሙሽሪት

አበባ ሻጯ ነጭ ጽጌረዳ አንስታ ልጅቷ ደረት ላይ ለካችው። «ለሙሽሪት እንዲህ ያለው ነው የሚያምርባት። አዳራሹንም ነጭ በነጭ እናደርገዋለን። እናቷስ ምን ይላሉ?»

የእናትየዋ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሙሽራዋ እሷ ነበረች። ስልሳን ከተሻገረች በኋላ ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪው አግቢኝ ብሏት፣ እሺ ብላዋለች። ልጇ ሳቋን አፍና ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፤ «ራስሽ ካልተናገርሽ እኔ አልናገርልሽም» ብላ መንገድ ላይ አስጠንቅቃታለች።

እናትየዋ እጇን ሰደድ አድርጋ ከባልዲው ውስጥ አንድ እቅፍ ቀይ አበባ መዘዘች። ውሃው ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

«እሱ እንኳ ለእርስዎ ትንሽ ይደምቅብዎታል» አለች ሻጯ።

«ሙሽራዋ እኮ እኔ ነኝ!» ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ልጇን ሳቋ አመለጣት። ሻጯ አፏን ከፍታ ቀረችና፣ ወዲያው ጽጌረዳውን ጥላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ውይ በሞትኩት! ለካ ሙሽሪት አንቺ ነሽ?» አንቱታው እዚያው ቀረ። «በይ ንገሪኝ፣ አዳራሹን ምን እናልብሰው?»

«ቀይ!» አለች ሙሽራዋ አበባውን እንዳቀፈች። «መጋረጃውም፣ ጠረጴዛውም ቀይ። ገና ከበር ስገባ ዓይን ያጥበርብር!»