አልጋው ያላገኘው ምክንያት

በዚያ ዘመን የባለትዳር አልጋ ሁሉ በሕግ ከጤና ጣቢያ ጋር የተገናኘ ነበር። የደብረ ብርሃኑ ልብስ ነጋዴ ዳምጠው ከሚስቱ ከየሺመቤት ጋር ሲሆን ወንድነቱ አልታዘዝ ቢለው፣ አልጋው ራሱ «ስንፈተ ወሲብ» ብሎ ለጤና ጣቢያው አመለከተ።

ከዚያ ወዲያ የአልጋው ምክር አላባራም። ሲጋራ እንዲተው አዘዘው፤ ተወ። ስኳሩንና ደም ግፊቱን አስመረመረው፤ ደህና ሆነው ተገኙ። እንዲሮጥ አዘዘው፤ ሮጦ ቦርጩን አጠፋ። ነጭ ሽንኩርትም በጥሬው በላ፤ ሽታው የሺመቤትን ወደ ግድግዳ አዞራት እንጂ ለውጥ አልመጣም። ጋደም ባሉ ቁጥር አልጋው በትሕትና፣ «ዛሬስ እንሞክር?» ይላል።

አንድ እሑድ ከሰዓት አልጋው፣ «የቀረን ምክንያት ጭንቀት ብቻ ነው። አቶ ዳምጠው፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» ሲል ጠየቀ።

ዳምጠው ከአልጋው ተነሣ። የሺመቤት ትራሶቹን አቅፋ፣ «ና፣ ዕቃ ቤት ሰሌን አለ» አለችው።

አልጋው ባዶውን ቢሰነብት፣ ትዳሩ ፈርሷል ብሎ አመለከተ። ሽማግሌዎች ተልከው በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ተጣላችሁ አሉ» አሏት።

የሺመቤት ከፀጉሯ ላይ የሰሌን ስንጥር እየለቀመች፣ «ኧረ አባቶቼ፣ ገና አሁን መታረቃችን ነው» አለች።