አንድ ማንኪያ ውሃ

ሐኪሟ ማንኪያውን እንደገና ወደ አዛውንቱ ከንፈር አስጠጋች። ስትሮክ አንደበታቸውንና ቀኝ እጃቸውን ይዞባቸዋል፤ የእሷ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ውሃ ትን ሳይላቸው መዋጥ መቻል አለመቻላቸውን ማየት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ውላ ወገቧ ተቆርጧል።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ይዋጡልኝ!»

ከንፈራቸውን ገጠሙ። ውሃው በአገጫቸው ወረደ።

«በቃ፣ መዋጥ አይችሉም» አለች ለነርሷ፣ በዛለ ድምፅ። «በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባላቸው።»

ነርሷ ቱቦውን ስታዘጋጅ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ደወል ተሰማ። የሑዳዴው ቅዳሴ መውጣቱ ነበር። አዛውንቱ የማይታዘዛቸውን ቀኝ እጅ በግራቸው አንስተው፣ ቀስ ብለው አማተቡ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሩና አፋቸውን ከፍተው ማንኪያውን ጠበቁ።