ድምፅ የሌላት ፒክአፕ

«ሞተሩ ጠፋብሽ! ፍሬን ያዢ!» አለ ሸምሰዲን፤ እሱ ጋ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን እየጫነ።

«አልጠፋችም አባዬ። በባትሪ እየሄደች ነው» አለች ልጁ ኢልሀም መሪውን እንደያዘች።

የቸርችልን ዳገት እየወጡ ነው። በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የምትሄደው አዲሷ ትንሽ ፒክአፕ ምንም ሳታቃስት ትወጣለች። ሻጯ ሀና ቁልፉን ስትሰጣቸው፣ «እስከ ፒያሳ ሞክሯትና ኑ፤ ያቺ አሮጊት መኪናችሁ መያዣ ትሁነኝ» ብላ ስቃ ነበር። ከዚያ ሳትስቅ፣ «ግን ጋሽ ሸምሰዲን፣ ዛሬውኑ ይወስኑ። የናፍጣ ሰልፍ ያንገፈገፈው ነጋዴ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይቺኑ ትንሿን ነው። ከሰዓት ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል» አለችው።

ሸምሰዲን መወሰን አልፈለገም። የመጣው ኢልሀም ስለነዘነዘችው ነው። ቲማቲሙንና ጎመኑን ለየሆቴሉ የምታደርሰው አሁን እሷ ናት፤ ማደያ ደጅ ተሰልፋ የምትውለውም እሷ። የእሱ መልስ ግን ሁሌም አንድ ነው፤ «አሮጊቷ እያለች ሌላ አላስገባም።»

«እዚህ ጋ ነበር» አለ ድንገት፣ በጣቱ እያመለከተ። «ድንች ጭነን አሮጊቷ እምቢ ስትል እናትሽ ዘላ ትወርድና ጎማው ሥር ድንጋይ ትወሽቃለች። ከኋላ ያለው ታክሲ ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋብናል። አንዱ የአራዳ ልጅ ምን አለ መሰለሽ? ‹እትዬ፣ ድንጋዩን ይንዱት፣ መኪናዋን ይወሽቋት!›»

ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ሚስቱ ከሪማ ሳቀች።

ፒያሳ ደርሰው ድሮ አትክልት ተራ ወደነበረበት ታጠፉ። ሸምሰዲን ሱቁ የነበረበትን ቦታ ፈለገ። ሰፊ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ አዲስ የተተከለ ሣር። ተሸካሚዎቹ «ገለል! ገለል!» እያሉ ይሮጡበት የነበረው ቦታ የሽንኩርት ሽታ እንኳ የለውም።

«ቀስ በይ... እዚህ ጋ ይመስለኛል። አይ፣ አይደለም።» አንገቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ቆይቶ ተወው። ሙሽራዋን ከሪማን ከቡታጅራ ጭኖ የገባው እዚህ ነበር፣ በዚያችው መኪና። ከዚያ ዘመን የቀረችው አሮጊቷ መኪና ብቻ መሰለችው። እሷንም ሽጥ እያሉት ነው።

አዲሷ መኪና በባትሪ ድምፅ ሳታሰማ ትሄዳለች። የሰማው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሬዲዮ መስሎት ነበር። ከኋላው ቀጭን ዜማ ይንጎራጎራል፣ በስልጢኛ፤ አገር ቤት ሴቶች ሙሽራ ሲሸኙ የሚሉት። ዞር ብሎ አየ። ከሪማ ውጭ ውጭውን እያየች፣ በጣቷ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች ታንጎራጉራለች።

«ይሄን ደግሞ መቼ ጀመርሽው?»

ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ይሰማል እንዴ?»

«መቼ ጀመርሽ ነው የምልሽ።»

«አንተ ደግሞ! መኪና ላይ ስሆን ሁሌም ነው። ያኔ ሙሽራ ሆኜ ስታመጣኝ እንባዬ እንዳይቀድመኝ ብዬ ጀመርኩት፤ በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ያቺ መኪና እንደዚያ እየጮኸች ማን ይሰማኛል ብዬ ልፈር ሸምሱ?»

ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ጎኑ ተቀምጣ እየዘፈነች እሱ የሞተር ድምፅ ሲያዳምጥ ኖሯል።

«አባዬ፣ ወደ ሀና እንመለስ?» አለች ኢልሀም።

«ቆይ። ስንመለስ እንወስዳታለን እንላታለን። መጀመሪያ ግን አንዴ ደግሞ ዙሪ። በቀስታ።»

ከሪማ እንዳታፍር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ውጭ አንድ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ መሰለ። የውቤ በረሃን መታጠፊያ ሲያልፉ ከኋላው ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማት። ዜማው ከተቋረጠበት ቀጠለ።