ቁጥር 41 ፊሽካ

ዋና ሳጅን ጣሀ ፊሽካውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። አነሳሁት። ነሐስ ነው። ጥቁሩ የመሥሪያ ቤት ገመድ ተቀይሮ ቀይ የሹራብ ክር ታስሮበታል። መነጽሬን አድርጌ ቁጥሩን ፈለግሁ፤ 41። መዝገቤም የሚለው 41 ነው።

«እንዲህ ነዋ!» አልኳቸው። «ከጠዋት ጀምሮ ያደከሙኝ ለዚህ ነው?»

ጠዋት ይዘውልኝ የመጡት ከገበያ የገዙትን የፕላስቲክ ፊሽካ ነበር። «የተረከቡትን ነው የሚያስረክቡት» ብዬ መለስኳቸው። ከአልታየች ንብረት ክፍል ዕቃ ከማውጣት ከእስር ማምለጥ ይቀላል እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። በዚህ ፖሊስ መምሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰኔ በመጣ ቁጥር ንብረት ተቆጥሮብኛል፤ መርፌ አልጎደለብኝም። በስሜ ደግሞ አንድም ዕቃ ወጪ አድርጌ አላውቅም። የምቀመጥበት ወንበር እንኳ በአለቃዬ ስም ነው።

ዋና ሳጅኑ ከሠላሳ ዓመት የትራፊክ ፖሊስነት በኋላ ጡረታ ሊወጡ ነው። ክሊራንሳቸው ላይ ስድስት ሰው ፈርሟል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ፋይሎቹን ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መኪና ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል። ዛሬ ካለፋቸው በጀት ተዘግቶ እስኪከፈት ቁጭ ነው። ፊሽካው ተገኝቶ ሳለ ግን ፊታቸው አልፈታ አለ።

«የት ነበር?»

«ኩኩ ጋ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ።»

«የመንግሥት ንብረት ለቆሎ ሻጭ? ጋሽ ጣሀ!»

«አጥፍቻለሁ፣ ወላሂ አጥፍቻለሁ» አሉ። «ጉልበቴን አሞኝ ወደ ቢሮ ሲያዛውሩኝ ያንን ቁልቁለት ማን ይያዘው? ጉም ሲወርድ ሹፌሩ ልጆቹን አያይም። ፊሽካ ግን ይሰማል። ሰጠኋት፣ አነፋፉን አስተማርኳት። ይኸው ሁለት ዓመቷ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ልጅ አልተነካም።»

«የፕላስቲኩን አይሰጧትም?»

«ሰጠኋት። የልጅ መጫወቻ ነው፤ ከጭነት መኪና ሞተር በላይ አይሄድም።» ጉልበታቸውን አሹት። «ይኼኛውን ከአንገቷ አውልቃ ስትሰጠኝ አልተቆጣችም። ‹እጮሃለሁ፣ ድምፅ አላጣም› ነው ያለችኝ።»

ክሊራንሳቸውን ስቤ ብዕሬን አነሳሁ። ያኔ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ።

በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ የምሰማው ነገር አለ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ፊሽካ። እሱን ስሰማ ነው መዝገቤን አጥፌ ምሳ የምወጣው። ትራፊክ ፖሊስ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ዛሬ የመጣው ግን የመኪና ጡሩምባ ድምፅ ነው፤ ከሆጤ ሰፈር በኩል ቁልቁል፣ አንዱ ባንዱ ላይ። በመሃሉ የሴት ድምፅ «ቁም! ኧረ ቁም!» ይላል፤ ጡሩምባው ይውጠዋል፤ እንደገና ብቅ ይላል።

ጋሽ ጣሀ ተነስተው የመስኮቱን ብረት ጨበጡ። እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ከጉም በቀር የሚታይ የለም። አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው፤ አላቋርጥም አለ። ፊሽካው በእጄ ነው ያለው። ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ጡሩምባው ቆመ፤ የልጆች ሳቅ ተሰማ።

«አለፉ» አሉ ጋሽ ጣሀ፣ ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው። «የከሰዓት ፈረቃዎቹ ደግሞ አሁን ይመጣሉ።»

ክሊራንሳቸው ላይ ፈርሜ ማኅተሙን መታሁበት። የተረከቡትን አስረክበዋል፤ ሐሰት የለበትም። ቀጥዬ የወጪ ጥራዜን፣ ሞዴል 22ን፣ ሳብኩ። የነሐስ ፊሽካ፣ ቁጥር 41፣ ብዛት አንድ። አገልግሎቱ፣ ለተማሪዎች መንገድ ማቋረጫ። ተረካቢ የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁና የገዛ ስሜን ጻፍኩ።

አለቃዬ ኢንስፔክተር ደሳለው ጎን ካለው ቢሮ ናቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አልታየች፣ አንቺን ፊሽካ ምን ያደርግልሻል?»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኩኩ ትነፋዋለች። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«ከጠፋስ?»

«ጡረታ ስወጣ ይጠይቁኛላ።»

ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ሳቃቸው አመለጣቸው። «በአልታየች ስም ዕቃ ሲወጣ ያየሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» እያሉ ፈረሙ።

ፊሽካውን ለጋሽ ጣሀ ስሰጣቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አላህ የልጅ ልጅ ያሳይሽ!» አሉኝ። ከዚያ ፋይላቸውን አዩ፤ ሰዓቱን አዩ። «የመኪናውስ ነገር?»

«ፋይሉን እኔ አደርሰዋለሁ። እርስዎ ይሂዱ፣ ይፍጠኑ!»

ያን የታመመ ጉልበት ይዘው ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት እንጃ። ፋይላቸውን አቅፌ ግቢው መሃል ደረስኩ። ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ቆሜ ቁልቁለቱን አዳምጣለሁ። ጡሩምባ፣ ሞተር፣ ደግሞ ጡሩምባ።

አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። በስሜ ያለው ብቸኛ ንብረት ጉሙ ውስጥ ጮኸ። የከባድ መኪና ፍሬን ሲጢጥ አለ፤ ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ የብዙ ትንንሽ ጫማዎች ሩጫ ተሰማ።