ለእድሳት የገባው ባጅ

መርዶው በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ደብሪቱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርና እኛ የእድሩ ሰዎች ነበርን።

የእትዬ ደብሪቱ ልጅ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ብረት እየደበደበ ሰፈሩን ወደ ጉድጓድ የሚያስገባ በጎ ፈቃደኛ ነበር። የበጎ ፈቃደኛ ባጅ የያዘ ሰው ለግንባር አይታፈስም። እሱ ግን ገበያ መሀል ታፍሶ ሄዶ ሞተ።

ሊቀ መንበሩ የሟቹን ባጅ ከኪሱ አወጣ። «ፎቶው ላይ ይሰካለት፤ ጀግናችን ነው» አለ።

«ሲታፈስ የት ነበር ባጁ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ለእድሳት ቢሮ ገብቶ ነበር፣ እትዬ።»

ተቀብለው ገልብጠው አዩት። ጀርባው ላይ፣ የልጃቸው ፎቶ በነበረበት ቦታ፣ የሊቀ መንበሩ ልጅ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል።

«ልጅዎስ፣ ደህና ነው?» አሉት።

በማግስቱ ተሰብስበን ሊቀ መንበሩን ከእድሩ ሰረዝነው።